የናርዳ መባ

በአዝማራ መንግሥት የመባው ድንጋይ የንጉሥ ዘርኤልን ወርቅ በሕዝብ ፊት አንቅሮ የተፋ ዕለት፣ ከዱረም ተራራ የሚወርደው ምንጭ ደረቀ። ከድንጋዩም ድምፅ ወጣ፦ «ከሕዝብህ ወስደህ ለእኔ ሰጠኸኝ! መሪ የገዛ ራሱን መባ ይዞ ተራራው ላይ እስኪወጣ ድረስ ውኃ አታዩም።»

ንጉሡ በኀፍረት አንገታቸውን ሲደፉ ልጃቸው ናርዳ ተነሣች። «በአባቶቼ ጦር እምላለሁ፤ ውኃው ሳይወርድ አልወርድም!»

ሞግዚቷ እማማ ጥርንጎ ቀሚሷን ያዘቻት። አዝላ ያሳደገቻት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት እኮ! መከልከሉ ባይሆንላት፣ «ብቻሽንማ ሞቼ ነው!» ብላ ጋቢና ቆሎ ይዛ ተከተለቻት። ከየቤቱ ለመባ እፍኝ እፍኝ የተዋጣውን የዘር እህል በስልቻ ይዘው ወጡ።

በሦስተኛው ቀን እሳት የሚተፉ አሞሮች ወረዱባቸው። ናርዳ በጦር ስትመክት ጥርንጎ ስልቻው ላይ ተደፍታ፣ «በግራሽ! ኧረ በግራሽ ልጄ!» እያለች ጮኸች። አሞሮቹ ተበተኑ።

ተራራው ጫፍ ላይ ባለ ሰባት ቀንዱ ዘንዶ፣ ሰማንዶ፣ ምንጩ ላይ ተጠምጥሞ ጠበቃቸው።

«እህሉ የሕዝብ ነው፤ ተቀብያለሁ። ያንቺስ?» አላት ናርዳን።

ናርዳ ጦሯን ዘረጋች። «የአባትሽ ነው» አላት። ቀለበቷን አወለቀች። «የመንግሥቱ ነው።»

ናርዳ ባዶ እጆቿን አሳየችውና፣ «እንግዲህ ከዕድሜዬ በቀር የኔ የምለው የለኝም» አለች።

ጥርንጎ ዘላ መሐል ገባች። «የኔን ውሰድ! እሷ ገና ምኑን አየችው!»

«ያንቺማ እፍኝ አይሞላም፣ እማማ» አላት ሰማንዶ።

«አፍህን ያዝ፣ አንተ ቀንዳም!»

«ይተዉኝ፣ እማማ» አለች ናርዳ። «ሰዎቹ የሚዘሩትን ነው የሰጡኝ። እኔ ከእነሱ ላንስ ነው?» እጇን በዘንዶው ግንባር ላይ አኖረች። ጠጉሯ እንደ ጥጥ ነጣ፤ ጀርባዋ ጎበጠ። ሰማንዶ ተፈትቶ ሲነሣ ውኃው እያገሣ ቁልቁል ወረደ።

ሁለቱም በአንድ ጦር ተመርኩዘው ተመለሱ። ጥርንጎ እያለቀሰች ትቆጣለች። «ይኸው እኩያ ሆንን! አሁን ማን ማንን ሊያዝል ነው?»

ናርዳ ሳቀች። ሳቋ ግን ያው የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

ከተማው ሲደርሱ ንጉሡ ዘውዳቸውን አውልቀው በነጩ ጠጉሯ ላይ ደፉላት። ሕዝቡ ቀድማ እንድትጠጣ መንገድ ለቀቀ።

«መሪ ሲሰጥ ፊተኛ፣ ሲጠጣ ኋለኛ ነው» ብላ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመች።

ጥርንጎ እያጉረመረመች አልፋት ሄደችና ከጀርባዋ ተሰለፈች።

«እማማ፣ ኋለኛዋ እኔ ነኝ እኮ።»

«ዝም በይ!» አለች ጥርንጎ፣ ጋቢውን ትከሻዋ ላይ እየደረበችላት። «እኔ እያለሁ ከኋላሽ ሰው አይጠፋም።»