ከነላስቲኩ

ወሰንየለሽ ችግኙን ሳብ ስታደርገው ምንም ሳያስቸግራት ወጣ። ደርቋል። ሥሩ ጥቁሩ ላስቲክ ውስጥ ተጠምዝዞ ቀርቷል፤ አንዲት ጭራ እንኳ ወደ አፈሩ አልወጣችም።

«መልሺው! ሰው ያይሻል» አላት የክፍሏ ልጅ ዳርጌ፣ ግራ ቀኙን እያየ።

ከኔሪ ወንዝ ወደ ጂንካ የሚወጣው ቦረቦር በየክረምቱ እየሰፋ የእማማ አሰገደችን አጥር ከወሰደ በኋላ ነው ተከላው የታዘዘው። የእርሻ አስተማሪያቸው ቲቸር ደምሰው ሦስት ሳምንት ሙሉ አስተምረዋቸዋል። «ሥር ካልያዘው ከተማውም ይሄዳል» ይሉ ነበር። ሥሩ እንዲለቀቅ ከመትከል በፊት ላስቲኩንም እየቀደዱ አሳይተዋቸዋል።

በተከላው ቀን ግን ቀድሞ የጨረሰ ክፍል ቀይ ባንዲራ ይሸለማል ተባለ።

«ስንቱን ስንቀድ ሊመሽብን ነው እንዴ? ከነላስቲኩ ክተቱት!» አለ ዳርጌ። ሰባተኛ «ለ» በሳቅ እየፈነዳ ከተተው። ወሰንየለሽም ከተተች። ባንዲራውን የተቀበለችው እሷ ራሷ ነበረች።

አሁን ችግኙ ሁሉ ደረቀ። የቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ «መምህሩ የማይረባ ችግኝ ሰጥቶ አሻጥር ሠርቷል» ብሎ ለዛሬ ስብሰባ ጠራ። በአሻጥር የታሰረ ሰው መቼ እንደሚፈታ ማን ያውቃል?

«ማንም እንዳይናገር ተባብለናል» አለ ዳርጌ።

«ቲቸር ቢታሰሩስ?»

«እኛ ብንታሰርስ? አባቴን አታውቂውም? ቆዳዬን ነው የሚገፈኝ! ደሞ አንቺ ምን አገባሽ? ጠበቃ ነሽ?»

«ተክያለኋ!»

«ሁላችንም ተክለናል!»

ከወዲያ ማዶ የቦረቦሩ ጠርዝ ተንዶ ዷ! ብሎ ወረደ። እማማ አሰገደች ብቅ ብለው አዩ። ተመልሰው ገቡና ፍራሻቸውን ተሸክመው ወደ ጎረቤት ሄዱ።

ወሰንየለሽ ሁለተኛውን ችግኝ ነቀለች። ከዚያ ሦስተኛውን። ሦስቱንም ከነላስቲካቸው አቀፈች።

«በቃ፣ ከእንግዲህ እንዳታናግሪኝ!» አላት ዳርጌ። ድምፁ ሊያለቅስ የደረሰ ነበር። እሷ ግን ወደ ቀበሌው አመራች።

ቀበሌው በር ላይ ጥበቃው ጋሼ ጥላሁን ጠመንጃቸውን አጋድመው አገዷት።

«ልጅ አይገባም። ማን ልኮሽ ነው?»

«ማንም አልላከኝም። እኔ ነኝ የተከልኩት።»

ላስቲኩን አዩት። እሷንም አዩዋት።

«ትጸጸቻለሽ፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው።

ወሰንየለሽ የጫማዋን ጭቃ የበሩ ደፍ ላይ ጠረገችና ወደ ስብሰባው ገባች።