ሞተሩን ማን ሰማው?

ሰዓት ሠሪው ከመሥሪያ ጠረጴዛው ሥር በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ከራሱ አጠገብ ደም የነካው የነሐስ የጠረጴዛ ሰዓት ወድቋል። የማሳያው መስታወት ተሰብሯል፤ መሳቢያዎቹ ተገልብጠዋል። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር፤ መሐል ከተማ፣ በጠራራ ፀሐይ።

መርማሪዋ ስትደርስ ግን መጀመሪያ ያየችው ሬሳውን አልነበረም። አራት ጎረምሶች አንዲት አሮጊት ካልሲ ሻጭ በሻሿ ይዘው ይጎትታሉ።

«ልቀቋት!»

«ጠቋሚ ናት ኢንስፔክተር! ሱቁን ለሞተረኞቹ ያሳየቻቸው እሷ ናት!»

«የትኞቹ ሞተረኞች?»

«የገደሉት ናቸዋ! ሁለት ሆነው በሞተር መጥተው፣ ገድለው በረሩ።»

«አየሃቸው?»

ጎረምሳው አቀረቀረ። «እኔ እንኳ አላየሁም። ግን ሁሉም ሰው ያውቃል።»

ባልደረቦቿ «ወንፊት» የሚሏት ይህች መርማሪ «ሁሉም ሰው» የሚባለውን ምስክር በሃያ ዓመት ሥራዋ አንድ ቀን እንኳ አግኝታው አታውቅም። አሮጊቷን ለፖሊሱ አደራ ሰጥታ ወደ ሱቁ አመራች።

መንገዱ ተቆፍሯል። የፈነዳ የውሃ ቧንቧ ለመጠገን ሠራተኞች ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በዶማና በአካፋ ሲቆፍሩ ቆይተው ለምሳ ሄደዋል። የወጣው አፈር በሁለቱም የመንገዱ ጫፍ እንደ ኮረብታ ተቆልሏል። ወደ ሱቆቹ የሚያሻግረው አንድ ጠባብ ሳንቃ ብቻ ነው። ከሳንቃው ስትወርድ ቀይ ጭቃ ጫማዋን እስከ ቁርጭምጭሚት ዋጠው።

ሱቁ ውስጥ የመስኮቱ መጋረጃ ተዘግቷል። ወለሉ ላይ የቀይ ጭቃ ዱካ ነበር፤ አንዱ የወንድ ሰፊ ጫማ፣ አንዱ የሴት ባለ ተረከዝ። ሦስተኛው የራሷ ነው። ሌላ የለም። በጓሮ በኩል ያለው በር የሚከፈተው ባለ ሱቆቹ ብቻ ወደሚጠቀሙበት ግቢ ነው፤ እዚያ መሬቱ ደረቅ ሲሚንቶ ነው። ግድግዳው ላይ ደግሞ አንድ ሚስማር፣ ከሥሩም ከቀረው ቀለም የነጣ አራት ማዕዘን ቦታ አየች። ከተገለበጠ መሳቢያ አጠገብ ሁለት የወርቅ ሰዓቶች ወድቀዋል። ሌባ ወርቅ ትቶ ከግድግዳ ላይ ምን ነቅሎ ይሄዳል?

ሬሳውን ያገኘው የጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ነው። ሜትሩ አሁንም አንገቱ ላይ ነው።

«የዘጠኝ ሰዓቱን ስብሰባ ላስታውሰው በፊት ለፊት በር ገባሁ። ሳየው ጮህኩ። ፋርማሲስቷ ተከትላኝ ገባች፤ ሊቀመንበሩ በጓሮ በኩል መጡ።»

«ሞተር ሰምተሃል?»

«አዎ! ማለቴ... ሊቀመንበሩ ሰምተዋል። እኔ መኪናዬን እየነዳሁ፣ የስፌቱን ማለቴ ነው፣ ምን ይሰማኛል?»

ፋርማሲስቷም በነጭ ጋዋኗ ቆማ እንዲሁ አለች። «ሁለት ናቸው፣ ጥቁር የራስ ቆብ ያደረጉ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ልብስ ሰፊው።»

«እኔ ጥቁር አላልኩም!» አለ ልብስ ሰፊው።

የነጋዴዎቹ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ባለቤቱ ሽማግሌ፣ በጓሮው ግቢ ቆመዋል፤ ሽቷቸው እስከ ሬሳው ክፍል ድረስ ይሸታል። መርማሪዋን እንደ ለቅሶ ቤት እንግዳ በሁለት እጃቸው ጨበጧት።

«ይቺ ከተማ አለቀላት፣ ኢንስፔክተር። ስንት ጊዜ ጮህኩ! በሁለቱም ጫፍ የብረት በር ይሠራ፣ ጥበቃ ይቀጠር፣ እነዚህ የመንገድ ቸርቻሪዎች ይነሱ አልኩ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልንወስን ነበር። ሟች ነፍሱን ይማረውና እሱ ብቻ ነበር እምቢ ያለው።»

«ዛሬ የት ዋሉ?»

«ከንጋት ጀምሮ ከጓሮ መጋዘኔ አልወጣሁም፤ ዕቃ ስቆጥር። ሞተሩን የሰማሁት ከዚያ ሆኜ ነው። በፊት ለፊት እያጓራ ሲፈተለክ!»

የሟች ሚስት እዚያው ግቢው ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። እንባዋ አልመጣላትም፤ እጆቿን ብቻ ታፍተለትላለች።

«ግድግዳው ላይ ምን ነበር እህቴ?»

«ካሌንደሩ። ተዘረፈ፣ ተወጋ የተባለ ወሬ በሰማ ቁጥር ቀኑ ላይ ይጽፋል። ከዚያ ተዘረፈ የተባለውን ሰው ቤቱ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ነው የኖረው። ዘመዶቹ ‹ሥራ ፈት› ይሉታል። ዘንድሮ አርባ አንድ ወሬ ነው። እውነቱ አራት። አምናም አራት ነበር። ዛሬ ስብሰባው ላይ ሊያነበው ነበር።»

«ወሬው ከማን እንደሚነሳ ደርሶበት ነበር?»

ሚስትየው ቀና አለች። «ትናንት ማታ ‹ሁሉም ክር አንድ መርፌ ጋ ደረሰ› አለኝ። ስሙን ግን አልነገረኝም። ‹መጀመሪያ ራሱን ላናግረው፣ ሽማግሌ ነው፣ ላዋርደው አልፈልግም› አለ።»

መርማሪዋ ሁሉንም በልብስ ሰፊው የመቁረጫ ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። አሮጊቷንም አስገባቻት። ልብስ ሰፊው ወንበር ሊሰጣት ሲገባው ጨርቁን ከአጠገቧ አሸሸ። መርማሪዋ ይህን አየች።

«ገዳዩ በፊት ለፊት አልመጣም» አለች። «በዚያ የመጣ ሁሉ ጭቃውን ይዞ ገብቷል፤ የልብስ ሰፊውና የፋርማሲስቷ ዱካ አለ፣ የሌላ የለም። እሱ የመጣው በግቢው ነው። ግቢው የእናንተ የሦስታችሁ ነው።»

ፋርማሲስቷ «በስመ አብ!» አለች።

«መጋረጃው ለምሳ ተዘግቶ ስለነበር ገዳዩ ወደ ውጭ አላየም። ገደለው፣ ካሌንደሩን ነቀለ፣ መስታወቱን ሰበረ፣ የፊቱን በር ቁልፍ ከፍቶ ተመለሰ። ከዚያ ሞተረኛ ፈጠረ። አሁን ንገሩኝ፤ ጠዋት ሳንቃውን የተሻገረ ሰው ሞተር ሊፈጥር ይችላል?»

ከውጭ የአካፋ ድምፅ መሰማት ጀመረ፤ ሠራተኞቹ ከምሳ ተመልሰዋል። ሊቀመንበሩ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ጉድጓዱንና የአፈሩን ክምር አሁን ገና አዩት። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ልብስ ሰፊው ሳንቃውን ተሻግሯል። ፋርማሲስቷ ተሻግራለች። በዚህ ቀን እዚህ መንገድ ሞተር እንደማይገባ በዓይናቸው አይተዋል። መፍጠር የሚችለው ጉድጓዱን ያላየ ብቻ ነው። ከንጋት ጀምሮ ከጓሮ ያልወጣ።»

«ልጄ... በዚህ ዕድሜዬ...» አሉ ሊቀመንበሩ።

ያን ጊዜ መርማሪዋ እንዲፈትሽ የላከችው ፖሊስ ከሊቀመንበሩ የጨርቅ መጋዘን ተመልሶ ገባ። ከአንድ ጥቅል የሱፍ ጨርቅ መሐል ያወጣውን ካሌንደር ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው።

«ጥበቃ ሊቀጠርበት የታሰበው ድርጅት የማን ነው?» አለች መርማሪዋ።

«የ... የአማቻቸው» አለ ልብስ ሰፊው በሹክሹክታ።

መርማሪዋ እስከዚያች ደቂቃ «እርስዎ» ስትላቸው የነበሩትን ሽማግሌ አሁን «አንተ» አለችው። «ላያዋርድህ ብሎ ለብቻህ ሊነግርህ ጠራህ። አንተ ጀርባውን ሲሰጥህ መታኸው። በሬሳውም ነገድክበት።»

ሽማግሌው አልካደም። «ለሁላችንም ደህንነት ብዬ...» ብሎ ጀመረና ማንም እንደማይሰማው ሲያይ ተወው። እጁ ሲታሰር ሽቶው ከላቡ ጋር ተቀላቅሎ ክፍሉን ሞላው። መርማሪዋ አፍንጫዋን አልያዘችም፤ መያዝ ግን አሰኝቷት ነበር።

ከዚያ ወደ ሁለቱ ዞረች።

«በዓይናችሁ ያያችሁትን ጉድጓድ ትታችሁ በጆሯችሁ የሰማችሁትን ሞተር አመናችሁ። በዚያ ወሬ ጎረምሶቹ ይህቺን ሴት አንቀው ሊገድሏት ነበር።»

ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጠመዘዘ። «እውነት ነው። ግን ኢንስፔክተር፣ እንዲያው ለማንኛውም... የብረት በሩ ቢሠራ አይሻልም? ይኸው ሰው በቀን ተገደለ።»

አሮጊቷን ይቅርታ የጠየቃት የለም።

መርማሪዋ ካሌንደሩን ከጠረጴዛው አነሳች። ሄዳ ለሟች ሚስት ሰጥታ ከአጠገቧ ተቀመጠች። ሚስትየው ካሌንደሩ ላይ ያለውን የባሏን ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች ነበር።

«ሌባ አይደለም የገደለው፣ አይደል?» አለች።

«አይደለም፣ እህቴ።»

«ደግ» አለችና የታገደ እንባዋ መውረድ ጀመረ። «ሌባ ቢሆን ኖሮ ወሬው እውነት ሆኖ፣ እሱ ተረትቶ ነበር የሚሞተው።»