ነፊሳ የቋጠረችው ሻሽ

ጀሊላ ክሩን በጥርሷ በጥሳ ቋጠሮውን ስትዘረጋው፣ ነጭ መሆን የነበረበት ክብ ቡኒ ሆኖ ጠበቃት። ቀለሙ ሰርጎ ገብቷል። ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ መሞከሪያ ቁራጭ ቢሆንም ክፉኛ ተናደደች።

አክስቷ ኡሙሰልማ ለቀለም የሽንኩርት ልጣጭ የተቀቀለበትን ድስት ከምድጃው እያወረዱ ሳቁባት። ገና ውኃው ሳይንጠፈጠፍ የሚፈታ ሰው ምን ሊያገኝ ነው አሏት። ሥራው እኮ ቀላል ነው። አንዲት የሩዝ ፍሬ ጨርቁ ላይ ትቀመጥና ጨርቁ ከላይዋ ተሰብስቦ በክር ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል። ተነክሮ ሲደርቅ ክሩ ይፈታል፤ ታስሮ የነበረው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ችግሩ እስኪደርቅ መጠበቁ ነው።

ጀሊላ ደግሞ መጠበቅ የማትችል ልጅ ሆና አይደለም። እናቷ ነፊሳ ከሄደች ሁለት ዓመት አልፏል። ለንግድ ሱዳን ገብቶ እዚያው የታመመውን ባሏን ላምጣ ብላ፣ ያለ ይለፍ ወረቀት በመተማ በኩል ወጣች። ከመሄዷ በፊት አንድ ስስ ነጭ የሐር ሻሽ ለልጇ ቋጥራ ጨረሰችና፣ «ስመለስ አብረን እንነክረዋለን» ብላ ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ ወሬዋ የለም። የቀበሌ ሰዎች ሲጠይቁ አክስቷ «ወረታ ዘመድ ልታስታምም ሄዳለች» ይላሉ፤ ጀሊላም ትምህርት ቤት ያንኑ ትላለች። ብቻዋን ስትሆን ግን ሻሹን አውጥታ ጉንጯ ላይ ታደርገዋለች። የሩዙ ፍሬዎች ይቆረቁሯታል። ናፍቆቷ የሚብሰውም ያኔ ነው፤ ሆኖም ከእጇ አታወርደውም።

ሰሞኑን ኡሙሰልማ ሻሹን ለማናፈስ ሲያወጡት አንዱ እጥፋት ሳስቶ አገኙት።

«ሐር እንዲህ ታስሮ አይከርምም፣ የኔ ልጅ» አሉ አሁን፣ ድስቱ እንዲበርድ ክዳኑን እየከፈቱ። «እየተበላ ነው። ለዒድ ነክረን እንፍታው።»

«እማ ስትመጣ፣ አክስቴ።»

«ስትመጣ ብጣሽ ነው የምናሳያት?»

ጀሊላ ቁራጩን ጨርቅ እየጠቀለለች፣ «ከፈታነው እኮ እሷ ያሰረችው ነገር አይኖርም» አለች። ነፊሳ ለኡሙሰልማም ታናሽ እህት ናት፤ ቋጠሮውን ያስተማሯትም እሳቸው ናቸው።

በመጨረሻ ሻሹን ድስቱ ውስጥ ያስገባችው ራሷ ጀሊላ ናት። ሐር ፍል ውኃ አይወድምና ለብ እስኪል ጠብቀው ነበር። ቀለሙን ጠጥቶ ሲወጣ ሳትጨምቀው ጓሮ ገመድ ላይ አሰጣችው። በአቅራቢያው ካለው ሐይቅ የሚመጣው ነፋስ ያወዛውዘው ጀመር። ከሥሩ ቁጭ ብላ እጇን ጭኗ ሥር ከታ ጠበቀች። አክስቷ ሲወጡ ሲገቡ እያዩዋት ምነው ቅድምም እንዲህ ብትሆኚ ይሏታል።

ሲደርቅ መርፌ ሰጧት፤ መቀስ ሐሩን ይነካዋል ብለው ከለከሏት። ክሮቹን አንድ በአንድ ፈታች። ሻሹ ወርቃማ ሆኖ፣ ነጫጭ ክቦቹ እንደተበተነ ፈንዲሻ ፈክተውበታል። እንዲህ ያምራል ብላ አላሰበችም ነበር። ደስ አላት። ይህን ከሷ ጋር ማየት የነበረባት ግን ሌላ ሰው ናት። ጭኗ ላይ የወደቁትን የሩዝ ፍሬዎች ለቅማ መዳፏ ውስጥ ጨበጠቻቸው።

አንድ ቋጠሮ ቀረ፤ ጫፉ ላይ። መርፌውን አስጠጋች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«አንዱን ረሳሽው» አሉ አክስቷ።

«አልረሳሁትም።»

«እዚያ ጋ ይበላብሻል።»

«ይበላ። እሱን ራሷ ትፍታው።»

ኡሙሰልማ መርፌውን አንስተው ቀሚሳቸው ላይ ሰኩት። ከዚያ ሻሹን ራሷ ላይ አሰሩላት፤ ቋጠሮው ጆሮዋ ሥር እንዲውል አድርገው።