የእትዬ ደጊቱ ጠበልና ውሸታሙ ጌጅ

«ጀሪካኑን አቀብይኝ!» አለ አለበል፣ ጅጋ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ሚኒባሱን መንገድ ዳር አቁሞ።

ውዳሴ ከወንበሩ ሥር ጎትታ ሰጠችው። አባቷ ወዘወዘው፤ ጠብታም የለውም።

«ጠዋት መናኸሪያ ላይ ሞልቼዋለሁ አላልሽኝም?»

«ሞልቼው ነበር... ፈሶ ይሆናል» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ጆሮዋ ጋለ። የጠዋት ሥራዋ ያ ብቻ ነበር፤ እሱንም ስልኳን ስትጎረጉር ረስታዋለች።

የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው ጌጅ ቀዩን ነክቷል። ሞተሩ ከተቃጠለ የቤታቸው እንጀራም አበቃለት ማለት ነው። ተሳፋሪዎቹ ወርደው ሲያጉረመርሙ እትዬ ደጊቱ የሚባሉ እናት ቢጫ ጀሪካናቸውን አቅፈው ቀረቡ። ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ለተኛች ልጃቸው የያዙት ጠበል ነው።

«በል ይኸው፣ ይቺን ጨምርባት» አሉ።

«ኧረ እትዬ! ጠበል ለመኪና?»

«ምነው፣ ይህ ሁሉ ሰው ሜዳ ላይ ከሚቀር! ለልጄ ሌላ ቀን አመጣላታለሁ።» እንዲህ ይበሉ እንጂ እጃቸው ጀሪካኑን አልለቅ ብሏል።

ውዳሴ ቢጫውን ጀሪካን አየች። ያ ጠበል የሚፈሰው በእሷ ስንፍና ነው! አባቷ ራዲያተሩ እስኪበርድ ሲጠብቅ እሷ በተከፈተው ኮፈን ሥር አጎነበሰች። እንፋሎት የለም። የሚንፈቀፈቅ ድምፅም የለም። የራዲያተሩን መጠባበቂያ ውሃ የሚይዘው ፕላስቲክ እስከ መስመሩ ሙሉ ነው። ይኼኔ አንድ ነገር ትዝ አላት።

«አባዬ፣ ጠዋት ቁልፉን ገና ስታዞረው ጌጁ ቀይ ላይ ነበር።»

«ሞተሩ ሳይነሳ?»

«ሳይነሳ! አንተ ከተራ አስከባሪው ጋር ስትጨቃጨቅ አየሁት። ወዲያው ስለወረደ ዝም አልኩ። ግን ብርድ ላይ ያደረ ሞተር እንዴት ይግላል?»

 አለበል ሞተሩን ሳያስነሳ ቁልፉን ብቻ አዞረና «ጌጁን እያየሽ ንገሪኝ» ብሎ ሙቀቱን ከሚለካው ሴንሰር ላይ ገመዱን ነቀለ።

«ወረደ! ቀዝቃዛ ላይ ነው!»

መልሶ ሰካው።

«ቀይ! በአንዴ ቀይ!»

«በይ ሞተራችን ደህና ነው» አለ አባቷ እየሳቀ። «የታመመችው ይቺ ሴንሰር ናት፤ ሳይሞቅ ሞቀ እያለች የምታስወራ!» ራዲያተሩ ሲበርድ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ከፈተ። ውሃው እስከ አፉ ሞልቷል።

«እግዜር ሳይደግስ አይጣላም! ተባረኪ የኔ ልጅ!» አሉ እትዬ ደጊቱ፣ ጠበላቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው። ውዳሴ ትልቅ እፎይታ ተሰማት፤ ከደስታዋ ብዛት ብቻዋን ሳቀች።

ጅጋ ላይ ሰው ሲወርድ፣ ማንም ሳያዛት ባዶውን ጀሪካን ይዛ ቧንቧ ፍለጋ ሄደች። ሞልታ ስትመለስ አባቷ መሪው ላይ ተቀምጧል። ነገሩ በሰላም አልፏል፤ ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም።

«አባዬ» አለች፤ «ጠዋት አልፈሰሰም። አልሞላሁትም ነበር።»

አለበል ጀሪካኑን አየ፣ እሷን አየ። ሞተሩን አስነሳ።

«ክዳኑን አጥብቂው» አላት፤ «አሁን ደግሞ የምር እንዳይፈስ።»