ሦስተኛው ጥሪ

አታምኑኝም ይሆናል፤ አልቀየማችሁም። እኔም በጆሮዬ ባልሰማው ኖሮ አላምንም ነበር። ግን የሆነው በጠራራ ፀሐይ ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ብቸና፣ ችሎት ውስጥ።

ወይንእሸት እባላለሁ። ባለቤቴ ቢያድግልኝ የዛሬ ሦስት ዓመት "ሞጣ ደርሼ ልምጣ" ብሎ ወጣ...

ቀረ።

አስከሬን የለ። መቃብር የለ። እናቱ እማማ ካሰች አልጋ ላይ ዋሉ። "ለልጄ ሳላለቅስለት አልሙት" ይሉኛል። የንስሐ አባታችን ደግሞ "መሞቱ ሳይታወቅ እንዴት ፍታት ይደረግለታል? ቢያንስ የፍርድ ቤት ወረቀት አምጪ" አሉኝ።

ለዚያች ወረቀት ዓመት ተመላለስኩ። ጫማዬ አለቀ። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሌላ ቀጠሮ በተሰጠ ቁጥር ደስ ይለኝ ነበር። መዝገቡ እስካልተዘጋ ድረስ ባሌ አልሞተም።

ያን ቀን የመጨረሻው ሆነ። እዚያ ልማዱ፣ የጠፋ ሰው ስሙ ሦስት ጊዜ ይጠራል። ካልመለሰ እንደሞተ ይወሰናል።

ችሎት አስከባሪው አቶ ባየ በሩን ገርበብ አድርገው ወደ ኮሪደሩ ተጣሩ።

"ቢያድግልኝ አስናቀው።"

ዝም።

"ቢያድግልኝ አስናቀው።"

ዝም...

ሦስተኛውን ሲጠሩ፣ ከበሩ ኋላ...

"አቤት።"

ቀስ ያለ፣ የደከመ ድምፅ። የባሌ ድምፅ። ስምንት ዓመት አብሬው ኖሬ አልስተውም።

አቶ ባየ አንገታቸውን አውጥተው አዩ። ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል።

"ማንም የለም..." አሉኝ በሹክሹክታ። "ሰማሽ?"

"ሰማሁ።"

ዳኛዋ ከመዝገቡ ቀና አሉ። "ቀረበ?"

አቶ ባየ ዞረው አዩኝ፤ መልሱን ለእኔ ተዉት። ቀርቧል ብል እማማ ካሰች ሳያለቅሱ ይሞታሉ። አልቀረበም ብል... ባሌን በአፌ ገደልኩት።

"አልቀረበም" አልኩ።

ከበሩ ኋላ...

"እሺ" አለ።

እንደ ድሮው። የሆነ ቦታ ስልከው እንደሚለው።

ሮጬ ወጣሁ። ባለጉዳዮች በረጅሙ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። የሚሄድ ሰው የለም።

ግን በሩ አጠገብ የተቀመጠው ሰውዬ እግሩን ሰበሰበ።

ቀጥላ ያለችውም ሰበሰበች።

ከዚያ ቀጣዩ... ከዚያ ቀጣዩ... አንድ በአንድ፣ እስከ መውጫው ድረስ፣ ለሚያልፍ ሰው መንገድ እንደሚለቁ።

መጨረሻ ላይ የተቀመጡ አሮጊት ከወገባቸው ብድግ አሉ።

"ደህና ግባ፣ ልጄ" አሉ፣ ባዶውን የመውጫ በር እያዩ።