ሐመልማል ያላሳረፈችው አውሮፕላን

ይህን ነገር ሐመልማል ለእናቷም ለጓደኛዋም ነግራ አታውቅም። ታፍራለች። እናንተ ግን ጠጋ በሉ፤ እኔ ልንገራችሁ።

ሐመልማል አውሮፕላን ማብረር ትማር ነበር። መነሳት ቀላል ነው፤ ቩ…ው ብሎ ሽቅብ ነው። ጭንቁ ማረፍ ላይ ነው።

አስተማሪዋ ጋሽ ምትኩ ከጎኗ ይቀመጣሉ። በትንሿ አውሮፕላን ውስጥ መሪው ሁለት ነው፤ አንዱ የተማሪ፣ አንዱ የአስተማሪ። አንዱ ሲንቀሳቀስ ሌላውም አብሮ ይንቀሳቀሳል።

መሬቱ ሲቀርብ ጋሽ ምትኩ እንዲህ ይላሉ፦ «ሩቁን እዪ። የአውሮፕላኗን አፍንጫ ቀና አድርጊ። ቀስ… ቀስ… ቀስ…»

ሐመልማል ግን ሩቁን አታይም። ከታች የሚሮጠውን መሬት አይታ ትደነግጣለች። ጧ! ጧ! ጧ! አውሮፕላኗ ትነጥራለች።

«ኧረ ወገቤን» ይላሉ ጋሽ ምትኩ።

አንድ ቀን ጋሽ ምትኩ፣ «ዛሬ አሳምራ ያሳረፈች፣ ነገ ብቻዋን ትበራለች» አሉ። ሐመልማልና ጓደኛዋ ኦብሴ ተያዩ። ሁለቱም ይህን ቀን ሲመኙ ነው የኖሩት።

መጀመሪያ ኦብሴ ገባች። «ጋሼ፣ መሪውን እንዳይነኩብኝ። እኔ ራሴ ነኝ» አለች።

«እንግዲህ ወገቤን አደራ» አሉ ጋሽ ምትኩ።

ኦብሴ ሩቁን አየች። አፍንጫዋን ቀና አደረገች። ቀስ… ቀስ… ጧ! ጧ!

ሜዳው ዳር ቆመው የሚያዩት ሌሎቹ ተማሪዎች ሳቁ። «እንቁራሪቷ መጣች» አሉ።

ተራው የሐመልማል ሆነ። እሷም «አይንኩብኝ» ማለት ፈልጋ ነበር። ግን አፈረች።

«ሩቁን እዪ። አፍንጫዋን ቀና አድርጊ። ቀስ… ቀስ… ቀስ…»

ሐመልማል ታች ታቹን አየች። ያኔ መሪው በእጇ ውስጥ ሳትስበው ተሳበ።

ሸ…ሽ… ጎማዎቹ መሬቱን ዳሰሱት። ጧ የሚል የለም።

ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። «ላባ ናት እኮ» አሉ። ጋሽ ምትኩ ወገባቸውን እያሹ ወረዱና፣ «ነገ የምትበረው ሐመልማል ናት» አሉ።

ሐመልማል «እኔ አይደለሁም» ልትል አፏን ከፈተች። ግን አንገቷን ደፍታ ወረደች።

ኦብሴ ከክንፉ ስር ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። ሐመልማልን ስታይ ዓይኗን ጠረገች። «እንኳን ደስ አለሽ። እንዴት አደረግሽው? እስቲ አሳዪኝ» አለቻት።

ሐመልማል ምን ታሳያት? «እንጃ» ብላ ሄደች።

ማታ እናቷ ዳቦ በማር ሰጠቻት። ማሩ መረራት።

«ምነው ልጄ?»

«ጠግቤ ነው፣ እማዬ።»

አልጋዋ ውስጥ ገብታ እጇን አየችው። ነገ ሌላ እጅ አይኖርም።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ምትኩ፣ «በይ፣ ብቻሽን ግቢ» አሏት።

ሐመልማል ጫማዋን እያየች፣ «ጋሼ፣ ትናንት ያሳረፉት እርስዎ ነዎት» አለች፤ ከእሳቸው በቀር ማንም አልሰማትም። «ኦብሴ ግን ራሷ ናት ያሳረፈችው።»

ጋሽ ምትኩ ጺማቸውን አከኩ። «ያው… ወገቤ አሞኝ ነው» አሉ። ከዚያም፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው። ዛሬ ብቻዋን የምትበር የለችም» አሉ።

«እንግዲያው አብረን እንግባ። ወገብዎን ግን በሁለት እጅዎ ይያዙልኝ።»

ጋሽ ምትኩ ወገባቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ሐመልማል ሩቁን አየች። ፈራች፤ ቢሆንም አየች። አፍንጫዋን ቀና አደረገች። ቀስ… ቀስ… ቀስ…

ጧ! ጧ! ጧ!

«ምን ነካት ዛሬ?» ብለው ተማሪዎቹ ሳቁ። ያጨበጨበ የለም። ሐመልማል ፊቷ ጋለ።

ወርዳ በሩን ለኦብሴ ያዘችላት። «ነይ» አለቻት፤ «ተራው ያንቺ ነው።»