የጎደለው ኮቴ

የቡታጅራ–ሆሳዕና አውራ ጎዳና በዚያ ጠዋት፣ ከወራቤ ወጣ ብላ ካለች መንደር ፊት ለፊት፣ አንዱን መስመር ለለቅሶ ዘጋ። ይህ ብርቅ አልነበረም። ሰሚው አስፋልት፣ ማለትም ክብደትንና ኮቴን የሚለዩ ደቃቅ ሴንሰሮች ተቀላቅለውበት የተነጠፈው መንገድ፣ ድንኳን ሊተከል መሆኑን ሲያውቅ ጠርዙን በቀይ መብራት ያጥራል፤ ሾፌር አልባዎቹ መኪኖችም ቀስ ብለው በሌላው በኩል ያልፋሉ። ብርቁ ነገር ድንኳንም ለቀስተኛም አለመኖሩ ነበር።

የመኪናው ሰልፍ ቡታጅራ ሊደርስ ምንም አልቀረው። መሐንዲሷ ትርሲት ከጥገና ባልደረባዋ ከነስሩ ጋር ስትደርስ፣ ከመቆጣጠሪያው ማዕከል የተሰጣት ትእዛዝ አጭር ነበር፤ መንገዱ እስከ ቀትር ካልተከፈተ የተማረውን ሁሉ አጥፍታ እንደ አዲስ ታስጀምረው። እሷም አልከፋትም። ኮሪያ ተምራ ከተመለሰች ወዲህ፣ መንገድ የተሠራው ለማለፊያ እንጂ ለለቅሶ አይደለም ስትል ኖራለች።

«የእድሩን ዳኛ ጠየቅኳቸው» አለ ነስሩ። «‹ማንም አልሞተብን፤ ሟርታችሁን ይዛችሁ ሂዱልን!› ብለው አባረሩኝ።»

ትርሲት ተንበርክካ መፈተሻውን ከአስፋልቱ ጋር አገናኘችና ምክንያቱን ጠየቀች።

«አንድ ኮቴ ጎድሏል» አለ መንገዱ በመፈተሻው በኩል። «ቀኝ እግሩን ይጎትታል። ከዘራ አለው። ለሱብሂ ሶላት ወደ መስጊድ ይሻገር ነበር። ትናንትም ዛሬም አልተሻገረም። እንዲህ ሲሆን ድንኳን ይተከላል።»

«ቸኩሎ አለቀሰ በለኛ!» ብላ ሳቀች። ጣቷ ማጥፊያው ላይ አረፈ።

ነስሩ ግን አልሳቀም። «ጋሽ ሽኩር እኮ ናቸው!»

«መቼ ነው ያየሃቸው?»

ትንሽ አሰበ። «እንጃ… በዚህ ባለፍኩ ቁጥር ያየኋቸው ይመስለኛል።»

ጣቷን አነሳች።

የጋሽ ሽኩር በር ተዘግቷል። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሙኒራ፣ «ሆሳዕና ልጃቸው ዘንድ የሄዱ መስሎን» አሉ ሻርፓቸውን እያስተካከሉ። ነስሩ አጥሩን ዘለለ። ሽማግሌው ጓሮ ውስጥ ወድቀዋል፤ ከንፈራቸው ደርቋል፤ ዓይናቸው ግን ክፍት ነበር።

«ማን ነገራችሁ?» አሉ በደከመ ድምፅ።

«መንገዱ፣ ጋሼ።»

«እሱስ ይጠይቃል።»

ሙኒራ አንገታቸውን ደፉ።

ትርሲት የጠራችው አምቡላንስ ለለቅሶ በተዘጋው ባዶ መስመር፣ ሰልፉ ሳያግደው በርሮ መጣ፤ በዚያው ይዟቸው ሄደ። ትርሲት ተመልሳ፣ «ሰውየው በሕይወት አሉ» ብላ ለመንገዱ ነገረችው። ቀዩ መብራት ጠፋ።

ወዲያው ማዕከሉ ደወለ። «አጠፋሽው?»

«የሚጠፋ ስህተት አላገኘሁም።»

መፈተሻውን ከመንቀሏ በፊት አስፋልቱ ላይ ጥቂት ተራመደች። ነስሩ እንዳይሰማት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «የእኔንስ ኮቴ ታውቀዋለህ?» አለችው።

«አላውቀውም።»

እናቷ ቡታጅራ ናቸው። ትርሲት ሲመቻት እስከ ደጃፋቸው በመኪና ትሄዳለች፤ ሻይዋን ሳትጨርስ በመኪና ትመለሳለች።

ሲመለሱ ቡታጅራ መግቢያ ላይ ነስሩን አስቆመችው።

«ዝናብ እየመጣ ነው እኮ! ወዴት ነሽ?»

«እማዬ ጋ።»

«ታዲያ በር ላይ ላድርስሽ!»

«አይ፣ በእግሬ።»

ወረደች። ስሙን ቀስ ብሎ እንደሚናገር እንግዳ፣ እርምጃዋን አስፋልቱ ላይ ረገጥ ረገጥ እያደረገች ወደ ሰፈሯ አቀናች።